ለነፋስ አገር የሚሆን ጠመንጃ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለቤቴ ጓሮ ቁጭ ብሎ የልጃችንን ብስክሌት ሰንሰለት ዘይት ሲቀባ፣ ሽታው በመስኮት ገብቶ አፍንጫዬን መታኝና የማጥበውን ሳህን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ለሌላው ሰው የብስክሌት ዘይት ነው፣ ለእኔ ግን የጠመንጃ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ ከዚህ ብዙም የማይርቀው አሌክሳንድሪያ ሳለን፣ አባዬ ጠመንጃ ሊገዛ ይዞን በሄደበት ሱቅ የሸተተኝ እሱ ነው፤ እንደዚያን ቀን ደንግጬም አላውቅ።

ነገሩ የጀመረው በበረዶው ወራት ነው። አባዬ ታክሲ ይነዳ ነበር፣ የልጅነት ጓደኛው ጋሽ ታደለ ደግሞ የጭነት መኪና ሲነዳ ሲነዳ ዳኮታ የሚባል ሜዳ አገር ደርሶ እዚያው ቀርቶ ነበር፤ ኮል ባደረገ ቁጥር ድምፁ ከስልኩ አልፎ ሳሎኑን ይሞላው ነበር። «ሰመር ላይ ና፣ ፕሬሪ ዶግ እናድናለን!» ይል ነበር። ስሟ ውሻ ይባል እንጂ ውሻ አይደለችም፤ ሽኮኮ የምታክል፣ መሬት እየቦረቦረች የምትኖር፣ ከብቱ ጉድጓዷ ውስጥ እየገባ እግሩን ስለሚሰብር ከብት አርቢው ሁሉ ጥርሱን የነከሰባት ፍጥረት ናት። «መሣሪያህን ራስህ ይዘህ ና፤ ትንሽ ጥይት የሚጎርስ ይሁን፣ ግን ነፋሱን አስብ፤ የዚህ አገር ነፋስ በር ይገነጥላል!»

ከዚያ በኋላ አባዬ ሌላ ወሬ የለውም። እኔ ከላይብረሪ መጽሔት እያመጣሁ አነብለት ነበር፣ እሱ ደግሞ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ እፍ እያለ ጥይት ያማርጥ ነበር፤ ምስሯ ስትበር «አየሽ፣ አሥራ ሰባት የሚሏት ጥይት ይቺ ናት፤ ፈጣን ናት፣ ግን ነፋስ ይጫወትባታል» ይለኛል፣ ባቄላው አልነቃነቅ ሲል ደግሞ «ይሄ ለዝሆን ነው» ብሎ ያነሣዋል፤ ሽምብራው ላይ ሲደርስ «የእኛ ይሄ ነው» ይላል። እማዬ ምንጣፍ ላይ የተበተነውን እየለቀመች «ወጥ ልሠራበት የነበረውን እህል! ደግሞ ለማይበላ እንስሳ!» ትለው ነበር።

እማዬ ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር። አይጥ በወጥመድ ሲያዝ ማየት የማትችል፣ ጎረቤት ጠርታ የምታስወጣ ሴት ናት። በቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ እየተነሣ የድሮ ሕይወቱን ሲመሰክር እሷ አንድም ቀን ተነሥታ አታውቅም፤ «እኔ ደግሞ ምን የሚወራ አለኝ?» ትል ነበር። እኛም ምንም የላትም ብለን አምነን ነበር።

የሚወራ ነገር የነበረው አባዬ ነው። ታናሽ ወንድሙን ደምሴን በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች በጠራራ ፀሐይ ከቤት ወስደውት በዚያው ቀርቷል። አባዬ መንገድ ላይ የሰደበውን ሹፌር እንኳ ስቆ የሚያልፍ ሰው ነበር፣ አብዮት ጠባቂ የሚባል ነገር ሲነሣ ግን ፊቱ ይጠቁርና «ከእነሱ አንዱን ባገኝ አንድ ጣሪያ ሥር አላድርም» ይል ነበር። ይህን ሲል እማዬ ብዙ ጊዜ ወደ ኩሽና ትገባ ነበር፣ እኔም ስለ ደምሴ አዝና ይመስለኝ ነበር።

ዛፎቹ ማበብ ሲጀምሩ አባዬ አንድ ቅዳሜ ኦፍ ወጣና፣ ሴቨን ኮርነርስ አስቤዛ ገዝተን ስንመለስ እኔንና እማዬን ጠመንጃ ሱቅ ይዞን ገባ። ሻጩ ባለ ነጭ ጢም ሽማግሌ ነበር፤ ሦስት ጠመንጃ አውጥቶ እያስረዳ፣ ለነፋስ አገር የሚሆነው መካከለኛው ነው፣ ጥይቱ ትንሽ ሆኖ ከምስሯ ከበድ ይላል ሲለን፣ አባዬ «ሽምብራው! አላልኩሽም?» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ከዚያ ጠመንጃውን ከሻጩ ተቀበለና፣ በደስታ ብዛት ዞር ሲል አፈሙዙ ደረቴ ላይ መጣ።

እማዬ በሩ አጠገብ ነበር የቆመችው። እንዴት እንደ ደረሰች አላየሁም። አፈሙዙን በአንድ እጇ ወደ ጣሪያ ገፋችው፣ ጠመንጃውን ከአባዬ እጅ ነጠቀችው፣ ከፈተችው፣ ጥይት የሚገባበትን ቀዳዳ በትንሽ ጣቷ ዳበሰች፤ ባዶ መሆኑን አይታ ዘጋችው። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት! ግን አላቆመችም፤ ሰደፉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ጉንጯን አስደግፋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ነጠላዋ እንኳ ከትከሻዋ አልወረደም። እኔ ልሙት፣ የማውቃት እናቴ አልነበረችም። ክው ብዬ ቀረሁ።

ሻጩ ሳቀና የት ነው ያገለገልሽው ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። እማዬ ከእንቅልፍ እንደ ነቃ ሰው ደንገጥ ብላ ጠመንጃውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። አባዬ አልሳቀም።

«አስካለ፣ የት ነው የተማርሽው?»

«ቀበሌ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

አባዬ በሩን በርግዶ ወጣ፣ እኛም ተከተልነው። መኪና ውስጥ አባዬ መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይነዳ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከኋላ ሆኜ የእማዬን እጆች አያለሁ። ፀጉሬን የሚሠሩኝ እጆች ነበሩ። ያንን እንዴት ያውቃሉ? እያልኩ ቀኑን ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ፤ ማልቀስም አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት አይነሡ። አባዬ ሺፍት ላይ ሺፍት ይደርብ ነበር፣ ቤት ሲመጣም ሶፋው ላይ ይተኛ ነበር፤ ምግቡን እማዬ ታቀርብለታለች፣ እሱ ግን እኔ በእጄ ቆርሼ ካልሰጠሁት አይነካም ነበር። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው በር ሥር ያለውን ጫማውን ነበር፤ ካለ እፎይ እላለሁ፣ ከሌለ ሄደ ማለት ነው እያልኩ በሩን ሳይ አመሻለሁ።

ሰመር ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ የወይን ፍሬ ስበላ፣ አባዬ ገባና እኔ የሌለሁ ይመስል ፊት ለፊቷ ቆመ።

«የእኛ ቀበሌ ነበርሽ?»

«አይደለም። እናንተ ሰፈር ረግጬ አላውቅም።»

አባዬ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አሁን አለቀ ብዬ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። እማዬ ግን አልጨረሰችም።

«ልጅ ነበርኩ፣ መሣሪያ ሰጡኝ፣ ሂጂ ሲሉኝ ሄድኩ። ደምሴን አልወሰድኩም። የሌላ ሰው ወንድም ወስጃለሁ። እናቱ እግሬ ላይ ወድቃ ነበር።»

ማንም አልጠየቃትም እኮ! «አይደለም» ብላ ብትተወው ቤታችን ይድን ነበር፤ እንዲያውም ድኖ ነበር። የጎረስኩት ወይን አፌ ውስጥ እንዳለ ቀረ። አባዬ ዓይኑ ፈጥጦ አያትና ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ፣ መኪናው ሲነሣ ሰማሁ። እማዬ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችው።

ሊመሽ ሲል ተመለሰ። እጁን ታጠበ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀረበ፣ ካቀረበችለትም እኔን ሳይጠብቅ በላ። «ጨው አንሶታል» አላት። እማዬ ጨው ልታመጣ ተነሥታ ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። ለጋሽ ታደለ በማግሥቱ ደውሎ አልመጣም አለው፣ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረውም።

ይኸው ዛሬም አሌክሳንድሪያ አብረው ናቸው፤ ጠመንጃም አልተገዛም። ባለፈው እሑድ እማዬ እኛ ቤት መጥታ ሳለ ልጄ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ አያቴ ልጅ ሆና ምን ትሠራ ነበር ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝና እንዳስተረጉምላት ለመነችኝ። እማዬ ማስተርጎም አያሻትም፣ ሰምታለች። እኔን ቀና ብላ አየችኝና «ንገሪያት» አለችኝ። እኔ ግን፣ አያትሽ ጎበዝ ተማሪ ነበረች አልኩ። ያኔ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ዝም ማለት ቻለች እያልኩ ነበር የምደነግጠው፤ አሁን እሷ ተናግራለች፣ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።