አብራሪዋ በእድራችን እንዴት እንደተቀበሩ

በእኛ ከተማ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ደብረ ማርቆስ ላይ የሐዘን ጨርቅ መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ የቀረሁበት ቀብር ጥቂት ነው፤ ደንበኞቼ የሚገኙት እዚያ ነው። ፍትሐቱ ያልቅና ሬሳው ሳይወርድ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይቆማል፤ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። ወንድ ከሆነ አገሩን ያገለገለ፣ ሴት ከሆነች እንግዳ ተቀባይ። ውሃ በጠየቀ መንገደኛ ላይ ውሻ የምትፈታ ሴት «ቤቷ ለሁሉ ክፍት የነበረ» ተብላ ስትቀበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ውሻው ቢሰማ ያፍር ነበር።

ወረቀቱን የሚያሳምሩት የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። በጡረታ የተገለሉ የትምህርት ቤት ሰው ናቸው። ቤተሰብ ረቂቅ ያመጣል፣ እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ። ሰው ስልሳ ዓመት ሙሉ ከጎረቤቱ ለየት ብሎ ለመኖር ይደክማል፤ እሳቸው በአንድ ከሰዓት ከሌላው ሬሳ ጋር ያስተካክሉታል።

ከሱቄ ፊት ለፊት ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እትዬ ነበር የምላቸው። ትውልዳቸው አምበር ነው፤ ትምህርታቸውን እዚህ ጨርሰው አየር ኃይል ገቡ፣ ሲያረጁ አባታቸው እዚህ ወደተዉላቸው ቤት ተመለሱ። ሴትን አሳንሶ በመገመት እኔም ከማንም አልሻልም። በወጣትነታቸው በነበረው ጦርነት አውሮፕላን ላይ እንደሠሩ ሲነግሩኝ ሻይ የሚያቀርቡ መስሎኝ፣ «ታዲያ ሲንጣችሁ ሻዩ አይደፋም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሻይማ ለእኔም ያመጣልኝ አልነበረም።»

ሲሄዱ ዱቄትና ጥይት፣ ሲመለሱ ቁስለኛ ይጭኑ ነበር። ቁስለኛው የምታበርረው ሴት መሆኗን እንዳያይ የፊተኛውን በር ዘግተው ነበር የሚነሡት። አንድ ቀን በሩ ክፍት ሆኖ አንድ እግሩ የተቆረጠ ወታደር አያቸው። «አውርዱኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ» አለ። ይህን ሲነግሩኝ አይስቁም። የምስቀው እኔ ነኝ።

ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በአንድ በዓል ቀን፣ ደብረ ዘይት ላይ በትንንሾቹ መለማመጃ አውሮፕላኖች ውድድር ተደረገ። ሐይቁን ሦስት ጊዜ ዞሮ ቀድሞ ያረፈ ያሸንፋል። እትዬ አንደኛ ወጡ። ሁለተኛዋም ሴት ነበረች፣ በጦርነቱ አብራቸው ያገለገለች። ሦስተኛ የወጣው መኮንን ነፋስ ያዘኝ ብሎ አመለከተ።

«እናንተንስ አልያዛችሁም?» አልኳቸው።

«ያው ነፋስ ነው። እኛ የምናመለክትበት አልነበረንም እንጂ።»

ሁለተኛዋ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ቀብሯ ላይ የተነበበው ወረቀት የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች ብሎ አለፈ። እትዬ ሲታመሙ የራሳቸውን ታሪክ በገዛ እጃቸው በአንድ ገጽ ጽፈው ሰጡኝ። «ያ ባለ ቀይ እስክሪብቶ እንዳይነካው» አሉኝ። «አስተናጋጅ አድርጎ ከቀበረኝ እሷም ለሁለተኛ ጊዜ ትቀበራለች። ስለ እሷ የሚናገር ሌላ ወረቀት የለም።» አደራ የሚባለውን ቃል ከአፋቸው አላወጡም። እኔም ቃል አልገባሁም፤ ወረቀቱን ብቻ ተቀበልኩ።

በዚህ አገር ማኅተም የሌለው ወረቀት ጨው መጠቅለያ መሆኑን ነጋዴ ያውቃል። ለእድሩ ድንኳን ጨርቅ ያስረከብኩበትን ሰነድ ይዤ ሰብሳቢው ዘንድ ስሄድ፣ የእትዬን ገጽ መሐል አስገባሁት። ሰብሳቢው ማኅተም ሲመቱ ሽንኩርት የሚከትፉ ነው የሚመስለው፤ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው። ሁሉንም መቱልኝ።

እትዬ በጾም መግቢያ ላይ አረፉ። የወንድማቸው ልጅ ከቁይ መጣ። ታመው በተኙበት ወራት አንድ ቀን ዝር ያላለ፣ ለቀብሩ ጥቁር ኮት አሰፍቶ ደረሰ። የገጹን ግልባጭ ለሰብሳቢው ሰጠሁ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አወረዱና እስክሪብቶውን መዘዙ።

«አብራሪ?» አሉ። «ሕዝብ በሬሳ ላይ ይስቅ?»

«ባለፈው የቀበርናቸው ሰውዬ በአንድ ምንሽር ሁለት አውሮፕላን ጣሉ ብለው አንብበዋል፣ ጋሼ። የሳቀ የለም።»

«እሱ ሌላ ነው። እሱ ጀግና ነው።»

«የመጋዘን ጠባቂ ነበሩ።»

«አንቺ ጨርቅሽን ሽጪ።» አብራሪ የሚለውን ሰርዘው «በአየር ኃይል በመስተንግዶ ሙያ ያገለገሉ፣ እንግዳ ተቀባይ» ብለው በቀይ ጻፉ። ውድድሩን ከነሁለተኛዋ ከላይ እስከ ታች ሰረዙት። «ሽቅድምድም ለቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይመጥንም።»

የእትዬን ዘመድ አየሁት። እሱ ጫማውን ያያል። «ጋሼ እንዳሉ ይሁን» አለ። «አክስቴ አውሮፕላን ላይ መሥራቷ መች ቀረ?»

አውሮፕላን በጠመንጃ ወረደ ሲባል አሜን ያለ ሕዝብ፣ ከጎረቤቱ አንዷ አበረረች ሲባል ማስረጃ ይጠይቃል። ዋናውን ገጽ ከጉያዬ አውጥቼ ሰብሳቢው ጭን ላይ ዘረጋሁት።

«ይህ ማኅተም የማን ነው፣ ጋሼ?»

ገልብጠው አዩት። ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። «የእኛ ነው። ግን…»

«ግን ሳላነብ ነው የመታሁት ይበሉና፣ እሱንም ለሕዝቡ እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ሳያነቡ ማኅተም የመቱበትን ወረቀት ሁሉ ሰው እያመጣ ያሳይዎት።»

ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት የእድሩ ሽማግሌዎች ድንገት ሁሉም ጉሮሯቸውን ለመጥረግ ተነሡ። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ከደኑት። «ቶሎ ቶሎ አንብቢ» አሉ። እኔ እንዳነብ የጠየቀኝ አልነበረም። ሊሸሹት የሚገባ ሥራ ስለመሰላቸው ለእኔ ጣሉልኝ።

ፍትሐቱ ሲያልቅ ቅጽሩ ውስጥ ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። ከአምስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሳነብ ጣቴ መስመሩን ይከተላል። ድምፄ ግን ገበያ የገራው ነው፤ ከቅጽሩ ማዶ ይሰማል። ቶሎ ቶሎ አላነበብኩም። እግሩ የተቆረጠው ወታደር ጋ ስደርስ ከወንዶች አንዱ ሳቀና ሳል አስመሰለው። «እንግዳ ብዙም አልወድም ነበር» ብለው የጻፉት ላይ ሴቶቹ ነጠላቸውን ከአፋቸው አንሥተው ተያዩ። በከተማችን እንዲህ ተብሎ የተቀበረ ሰው የለም። የሁለተኛዋን ስም ስጠራ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን ተመለከቱ። ስለዚህ ያንን መስመር ደገምኩት።

አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን አጣጥፌ ጉያዬ መለስኩት። ቄሱ «ይውረድ» አሉ፣ ሬሳውን።

ከሳምንት በኋላ የወንድማቸው ልጅ ሱቄ መጣ። ወሬው ቁይ ደርሶ ሰው አክስትህ አብራሪ ነበሩ እንዴ እያለ ይጠይቀዋል። ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ፈልጓል።

«ጮክ ብለህ አንብብና ውሰድ» አልኩት።

«እዚህ? ሰው ፊት?»

«የዚያን ቀንም ሰው ነበረ።»

ጨርቅ የሚመርጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ እጃቸውን ጨርቁ ላይ እንዳደረጉ አዳመጡት። ላበው። አብራሪ የሚለው ጋ ድምፁ ወረደ፣ «አልሰማንም» አለች አንደኛዋ፣ ደገመው። እስከ መጨረሻው አነበበ። ቀይ ያልነካው ሌላ ግልባጭ ሰጠሁት፤ ዋናውን አልሰጠሁትም።

በጥንቃቄ አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተውና የቁይ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቀኝ። ስለ አክስቱ ግን አንድም ነገር አልጠየቀኝም።