ጊታሩ ዝም ያለባት ስንኝ

በዚያ ነገር ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፤ በጅማ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር የሚመታውና ግጥም የሚጮኸው ልጄ፣ እናቱ፣ የቀበሌው ሊቀመንበርና ልብስ ሰፊው እኔ። ማንበብን ራሴን በራሴ ስላስተማርኩ፣ መድረክ የሚወጣውን ግጥም አስቀድሜ እንድመረምር ቀበሌው መርጦኝ ነበር።

ልጄ ጊታሩን ሲመታ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ይመስላል። «ይህ ዘፈን ነው ወይስ ጠብ?» እለዋለሁ። «ጠብ ነው፣ አባባ» ይለኛል እየሳቀ። ያ ሳቁ ይናፍቀኛል፤ ዛሬ እሱም እንደ እኔ ኮስታራ ሆኗል።

ኪነቶቹ ወደ ገጠር፣ ሸቤ ወርደው በገበያ ቀን ሊያሳዩ ባዘጋጁት ግጥም ውስጥ፣ ቡናውን በኮታ ወስዶ ለገበሬው የጨው መግዣ እንኳ ስለማያስተርፍ መንግሥት የምትናገር አንድ ስንኝ ነበረች። እውነት ስለሆነች ለመሰረዝ አፈርኩ። ፈሪም ስለሆንኩ፣ በጊታሩ ጩኸት ማንም አይሰማትም ብዬ ፈረምኩ።

እሱ ግን እዚያች ስንኝ ላይ ሲደርስ ጊታሩን አቁሞ ቃል በቃል፣ በዝግታ ተናገራት። ገበሬዎቹ «ዱጋ! እውነት ነው!» እያሉ ተነሡ።

አብሮን የመጣው ሊቀመንበር ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ይህን አይተውታል?»

«አላዩትም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለ ልጄ ፈጥኖ። አትዋሽ እያልኩ ስገርፈው ያደገ ልጅ ለእኔ ሲል ዋሸ።

«አይቼዋለሁ» አልኩ።

የከፈልነው ሲደመር ይህ ነው፦ ሊቀመንበሩ አልተቆጣጠረም ተብሎ ወንበሩን፣ ልጄ ጊታሩንና አንድ ክረምት፣ እኔ ያንኑ ክረምት ከእሱ ጋር በአንድ የእስር ክፍል፣ እናቱ ደግሞ ለሁለታችን ስንቅ ይዛ በየቀኑ የተመላለሰችበትን የጭቃ መንገድ።