የሾላዋ እመቤት ዓይኖች

ፖሊሶች የወሰዱኝ ካይሮ፣ አይን ሻምስ ሰፈር ካለው የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ቤታችን ነው። ምስል በምናሽግበት ሣጥን ውስጥ መንግሥትን የሚቃወም ወረቀት አገኙ። ማን እንዳስቀመጠው አውቃለሁ፤ አልተናገርኩም። እስር ቤት ስገባ የሾላ ፍቅፋቂ ገና ፀጉሬ ላይ ነበር።

ክፍሏ እርጥብ ኖራ ኖራ ትሸታለች። አንዲት ግብፃዊት አስተማሪ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ ቀኗ ደርሷል።

«ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ።

«ምስል ቀርጬ።»

«ውይ! ፈርዖኖቹ በሙሉ መታሰር ነበረባቸዋ!»

ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

ሙያዬን የእስር ቤቱ መኮንን ሰማ። ለሳሎኑ የላም ጆሮ ያላትን፣ የጥንት ግብፃውያን የወላዶች ጠባቂ የሚሏትን አምላክ እንድቀርጽለት የሾላ እንጨትና መሮ ሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ እሠራ ጀመር። በእኛ ሙያ ዓይን የሚቀረጸው መጨረሻ ነው፤ ምስሏ ዓይን ከተቀረጸላት ወዲያ ታያለች ስለሚባል ቀራጩ አይነካትም።

አንድ ጠዋት የአስተማሪዋ እንሽርት ውሃ ፈሰሰ። በሩን ደበደብኩ።

«ማሌሽ፣ ምን ይደረጋል» አለች የክፍላችን ጠባቂ፣ «ሐኪም የሚመጣው ሐሙስ ነው።» እኔን ወደ ግቢው አወጣችኝ።

መኮንኑ ምስሏን አገላብጦ አየ። «ዛሬ ጨርሻት፤ እንግዳ አለብኝ። ዓይኗስ?»

መሮውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። «አስተማሪዋ ሆስፒታል ስትሄድ።»

«ያዕኒ፣ እንግዲህ ልታዢኝ ነው፣ አንቺ ሐበሻ?»

«አይደለም ጌታዬ። እኔ አላመልካትም። ግን ምጥ የያዛት ሴት ሲሚንቶ ላይ ተኝታ የምስሏን ዓይን ብከፍት፣ መጀመሪያ የምታየው ይህን ያደረጉትን እርስዎን ነው።»

«ያ ሳቲር! አምላክ ይሰውረን!» ብላ ጠባቂዋ አፏን ያዘች።

«ሌላ ቀራጭ አመጣለሁ!» አለ መኮንኑ።

«ያምጡ። መሮው ይኸው።» ፍቅፋቂው ላይ ቁጭ አልኩ።

ምስሏን አየ፤ እኔን አየ። ከውስጥ የአስተማሪዋ ጩኸት መጣ።

«ኸላስ! በቃ፣ ሆስፒታል ውሰዷት!»

የመኪናው ድምፅ ከበሩ ውጭ እስኪርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ መሮዬን አንስቼ ሁለቱንም ዓይኖች ቀረጽሁ፤ እሱን እንዳያዩ ምስሏን ወደ በሩ አዙሬ።

ከተፈታሁ በኋላ አስተማሪዋ ልጇን ታቅፋ ቅርጻ ቅርጽ ቤታችን መጣች። ሕፃኗ እዚያ ከቀረጽኳቸው የአንዷን ምስል የላም ጆሮ ጨብጣ አልለቅም አለች። እያለቀሰች ሳይሆን እየሳቀች።

ዛሬ እጄ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም። እቀርጻለሁ ግን። ዓይን ላይ ስደርስ አሁንም መሮውን አስቀምጬ፣ ውጭ የምትጣራ ሴት ትኖር እንደሆን አዳምጣለሁ።