የቦቴ ነጂው ባሌ ለምክር ቤት ሲወዳደር

ሽማግሌዎቹ ባሌን «ለምክር ቤት ተወዳደርልን» ሊሉት የመጡ ቀን፣ እሱ ቦቴው ሥር ተኝቶ ነበር። የሚታየው ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው። የመጡት ሁለት አዛውንቶችና በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር መሪ የሆኑ አንዲት እናት ናቸው። ወንበር አወጣሁላቸውና ከመኪናው አጠገብ ተደርድረው ተቀመጡ። ከዚያ ከእግሩ ጋር ማውራት ጀመሩ።

«ልጃችን» አሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ «ለከተማው ምክር ቤት ከየሰፈሩ አንድ ሰው ምረጡ ተብሏል። እኛ አንተን አስበናል።»

እግሩ አልተንቀሳቀሰም። የመፍቻው ድምፅ ግን ቆመ።

«ለምን ነገር?» አለ ከሥር።

«ሄደህ እንድትናገርልን።»

 ቀጥሎ እኔን በአማርኛ «አሥራ ሰባት ቁጥሩን መፍቻ አቀብዪኝ» አለኝ። አቀበልኩት። ሽማግሌዎቹ መልሱን የነገረኝ መስሏቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«አስብበታለሁ ነው የሚለው» አልኳቸው። ከቦቴው ሥር አንድ ሳል ተሰማ።

ይህን ለማለት የደፈርኩት በቤታችን ቋንቋ ምክንያት ነው። እኔና ባሌ ያደግነው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በስደተኞች መንደር ነው። የእሱ እናት ቋንቋ ሌላ፣ የእኔ እናት ቋንቋ ሌላ። የሚያገናኘን ትምህርት ቤት የተማርነው አማርኛ ነበር፤ የተፋቀርነውም በእሱ ነው። ወደ አገራችን ተመልሰን በጁባ ከተማ «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው ሰፈር ቤት ስንይዝ አማርኛው አብሮን ገባ። ከጎረቤት ጋር በጁባ አረብኛ እናወራለን፣ በራችንን ስንዘጋ ወደ አማርኛችን እንመለሳለን። ጎረቤቶቻችን እስከ ዛሬ በማያውቁት ቋንቋ እንደምናማቸው ያምናሉ።

ባሌ ከተመለስንበት ጊዜ ጀምሮ በሰፈራችን የውሃ ቦቴ ይነዳል። ወንዙ ዳር ይቀዳና በየግቢው እየዞረ በርሜል ይሞላል። እኔ ደጃፌ ላይ ልብስ እሰፋለሁ፤ የስፌት መኪናዬን ሳልከፍት እሱ አንድ ዙር ጨርሶ ይመለሳል። ዝምተኛ ሰው ነው። በአረብኛው «ሞያ!»፣ ውሃ፣ ብሎ መምጣቱን ከሚያስታውቅበት ጥሪ ሌላ ድምፁን የማያውቁ ደንበኞች አሉት። ሰዉ ግን ይወደዋል። ለቅሶ ቤት ካለ ሳይጠራ ቀድሞ እዚያ ይደርሳል፤ ሐዘንተኛ በርሜሉ ደርቆ አያድርም። አንድ ጊዜ ምጥ የያዛትን ሴት ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ፣ ቦቴው እንደሞላ ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። ሴትዮዋ በየጉድጓዱ ላይ ስትሰድበው ነው የሄደችው። ልጇን በሰላም ተገላገለች፤ ስድቡን ግን እስካሁን አላነሳችለትም።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ከቦቴው ሥር ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ።

«አስብበታለሁ አልኩ እንዴ?»

«ታስብበት የለም?»

«አላስብበትም። የእኔ ሥራ ውሃ ነው። ወሬ የሚችል ሰው ሞልቷል።»

ያን ጊዜ ዝናቡ ገብቶ ነበር። ሰፈራችን ወደ ታች ያዘቀዝቃል፤ ክረምት ሲሆን የላዩ ውሃ ሁሉ ወደ ታችኛው በኩል ይወርድና መንገዱን ረግረግ ያደርገዋል። የሚያሳዝነው፣ በዚያ ሁሉ ውሃ መካከል የታችኞቹ ሰዎች የሚጠጡት ያጣሉ፤ ቦቴ አይደርስላቸውም። ባሌ አንድ ጠዋት ልሞክረው ብሎ ገባ። የኋላ ጎማው እስከ እምብርቱ ሰመጠ።

ወሬው ሲደርሰኝ መቀሴን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሮጥኩ። ስደርስ የታችኛው ሰፈር ሰው በሙሉ ወጥቷል። ገመድ መጥቷል፤ የቤተ ክርስቲያኗ እናት አዝማች ሆነው ቆመዋል። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መዝሙር አነሱና በመዝሙሩ ምት መጎተት ጀመርን። ቦቴው ነቅነቅ ይልና ተመልሶ ይቀመጣል። ደግመን ሳብን። ሦስተኛው ላይ ድንገት ሲወጣ፣ ገመዱን የያዝነው ሁላችንም እርስ በርስ እየተጠላለፍን ጭቃው ላይ ወደቅን።

 ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ተጋባብን፤ መነሳት እስኪያቅተን ድረስ ሳቅን። እናትየው ጭቃው መካከል እንደተቀመጡ ናቸው። ትከሻቸው ላይ የቋጠሩት ላዋ፣ ያ ጥርት ያለ ቢጫ ጨርቅ፣ መሬት መስሏል። ባሌ ሊያነሳቸው ከጋቢናው ወርዶ እጁን ዘረጋላቸው። እጁን ያዙት፤ ግን አልተነሱም።

«ይህን ጉድጓድ ለከተማው ምክር ቤት ማን ይንገርልን?» አሉት።

«እርስዎ ይንገሩ፣ እማማ።»

«እኔን ማን ያስገባኛል? አንተን ግን እኛ እናስገባሃለን።»

ባሌ ጭቃ የለበሰውን ሰው ዞሮ ዞሮ አየ። ከዚያ «እሺ» አለ።  እናትየውም ያን ጊዜ ተነሱ።

ችግሩ የመጣው ንግግር ላይ ነው። ጠዋት ሥራ ሳይወጣ በፊት አለማምደው ጀመርኩ። እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱ ፊቴ ይቆማል።

«የሰፈሬ ሰዎች» ይላል።

«ጥሩ ነው፣ ቀጥል።»

«ጨረስኩ።»

ፓምፑ ሲንቀሳቀስ ጮክ ብሎ መናገር እንደለመደ አውቃለሁና አንድ ቀን «ሞተሩን አስነሳውና እሱ ላይ ተናገር» አልኩት። ሞተሩ ሲነሳ እውነትም ድምፁ ወጣ። ለታችኛው ሰፈር ስለሚያስፈልገው የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ፣ ስለ መንገዱ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር እንደተናገረ የግቢያችን በር ተከፈተ። ጎረቤቶቻችን ውሃ የሚታደል መስሏቸው ጀሪካናቸውን ይዘው ገቡ። ንግግሩ ቀረ፣ ጀሪካን ሲሞላ አረፈደ።

ተቀናቃኙ ደግሞ የሚናቅ ሰው አልነበረም። ቶንፒንግ በሚባለው ሰፈር ቢሮ ያለው፣ እንግሊዝኛውም አረብኛውም የሰላ፣ ለትልቅ ለትንሹ ሰላምታ የማይነፍግ ጎረቤታችን ነው። ደንበኛዬም ነው። የሁለቱ እጩዎች ስብሰባ በቀረበ ጊዜ የሱፍ ሱሪውን ይዞልኝ መጣ።

«እህቴ፣ ወገቡ ሰፍቶኛል። ለስብሰባው ታደርሺልኛለሽ?»

ተቀበልኩት። ባሌ ማታ ሲገባ ነገርኩት። «የተቀናቃኝህን ሱሪ ወገብ ነው የማጠብበው፣ ምን ትላለህ?»

«በደንብ ስፊለት» አለኝ። «ሰው ፊት ነው የሚቆመው።»

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሆነ። ባለሱሪው አስቀድሞ ተናገረ፤ ሱሪውም ንግግሩም ልክክ ብሎለታል። እኔ ራሴ ሳላስበው አጨበጨብኩ። ከዚያ ባሌ ተነሳ። ድምፅ ማጉያውን እንደ ውሃ ጎማ ጨምቆ ያዘው።

«የሰፈሬ ሰዎች» አለ፤ ቆመ።

 ላብ አንገቱ ላይ ሲወርድ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። እኔም ላበኝ። ድንገት ከኋላ በኩል አንዲት ሴት ተነሳች። ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጥ፣ ከባሌ ጋር በየቀኑ የምትጨቃጨቅ ናት።

«ትናንት ለምን ዘገየህብኝ?» አለችው። «ደንበኛ ተቀምጦ እኔ ባዶ ማንቆርቆሪያ ይዤ!»

ሰው ሳቀ። ባሌ ግን አልሳቀም፤ ጥያቄው የዘወትር ጥያቄዋ ነውና መለሰ። «ድልድዩ ጋ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶት ነበር። አንቺን ከማስጠበቅ ብዬ በላይኛው ዞርኩ፤ እሱም ተቆፍሯል። የቆፈሩት ሰዎች ሳይደፍኑት ሄደዋል። እንዲህ ያለውን ማን ጠየቀ? ማንም አልጠየቀም። እኔ ብመረጥ በመጀመሪያው ቀን የምጠይቀው እሱን ነው።»

አንድ ሽማግሌ ስለ ታችኛው መንገድ ጠየቁት፤ መለሰ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ስለ ቆሻሻው ጠየቀችው፤ «እሱን አላውቅም፣ ግን አብረን ሄደን የሚያውቀውን እንጠይቃለን» አላት። ሰዉ እየተነሳ ይጠይቃል፣ እሱ በርሜል እየሞላ እንደሚመልሰው ባጭሩ ይመልሳል። ሲቀመጥ ምን ያህል እንደተናገረ ራሱም አያውቅም ነበር። «ሳልናገር አለቀ አይደል?» አለኝ ወደ ቤት ስንሄድ። የዚያን ቀን ባሌን አዲስ ሰው ይመስል በጎን በኩል እያየሁት ነው የሄድኩት።

ምርጫው የተደረገው በሰልፍ ነው። ሁለቱ እጩዎች ሜዳው ላይ ይቆማሉ፤ የሚመርጣቸው ሰው ከኋላቸው ይሰለፋል። እኔ ሚስት ነኝና ማንም ሳይቀድመኝ ሄጄ ከባሌ ጀርባ ቆምኩ። አዲስ የሰፋሁለትን ሸሚዝ ኮሌታ እያስተካከልኩ ሳለ ዞር ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በአማርኛችን፣ «አንቺ መጨረሻ ላይ ብትሆኚ ይሻላል። ሰው ይቅደም» አለኝ።

ቅር አለኝ። ነገር ግን ሄድኩ። በሰልፉ ጎን ወደ ኋላ ስሄድ የማየውን ማመን አቃተኝ። ባለፈው ዓመት ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን አለች። ሻይ ሻጯ አለች፤ ገና እየተጨቃጨቀች። ስትሰድበው ሆስፒታል የገባችው ሴት ልጇን አቅፋ ቆማለች፤ ሳልፍ «አንቺ፣ ባልሽ ሲመረጥ ያን መንገድ ካላስተካከለ ወየውለት» አለችኝ። ጭቃው ላይ የወደቁት መዘምራን በሙሉ አሉ። የሰልፉ ጫፍ የደረስኩ ሲመስለኝ ሰው እየተጨመረ ይሸሸኛል። ሰልፉ በመማሪያ ክፍሎቹ ጥግ ዞሮ አጥሩ ጋ ደርሷል።

የባሌ እናት፣ አማቴ፣ ከወንዙ ማዶ ከሸሪካት ሰፈር ድልድዩን ተሻግረው መጥተው ነበር። ነዋሪነታቸው እዚህ ስላልሆነ መምረጥ አይችሉም። አስተባባሪው ከሰልፉ እንዲወጡ ሲለምናቸው ደረስኩ።

«አልመርጥም እኮ» ይሉታል። «ልጄ ጋ ቆሜያለሁ። መቆም ተከልክሏል?»

እጃቸውን ይዤ የኒም ዛፉ ሥር አስቀመጥኳቸው። ከዚያ መጨረሻው ላይ ቆምኩ። ከፊቴ የነበሩት አዛውንት ዞረው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰልፍ የውሃ ነው የምርጫ?»

«የምርጫ ነው፣ አባባ።»

«እንኳንም ሆነ። ጀሪካን አልያዝኩም።»

ከቆምኩበት ባሌ አይታይም፤ የሚባለውም አይሰማም። አስተባባሪዎቹ ሰልፉን ቆጥረው ወደ ፊት ተመለሱ። ጠበቅን። ከዚያ ከሩቅ አንድ እልልታ ተነሳ። ያ እልልታ ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ በሰልፉ ላይ መጣ፤ ጥጉን ዞረ፤ ወደ አጥሩ ደረሰ፤ አዛውንቱ ባርኔጣቸውን ሲያነሱ አየሁ፤ ቀጥሎ እኔ ጋ ነው። ደስታ እንዲያ እየተራመደ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። መጥቶ ሲደርሰኝ እልል ማለቱን ረስቼ ወደ ፊት መሮጥ ጀመርኩ። ከዛፉ ሥር አማቴ ስለ ሁለታችንም እልል አሉ።

ሮጬ ስደርስ ተቀናቃኙ የባሌን እጅ ይዞ ወደ ላይ አንስቶት ነበር። «ንግግር፣ ንግግር» እያለ ሰዉ ይጮሃል። ባሌ ትንሽ አሰበና «ነገ ጠዋት ውሃ አለ» አለ። ከዚህ በላይ የተጨበጨበለት ንግግር አልሰማሁም። ከበሮው ወጣ፣ ዘፈኑ ተነሳ። ቤት ውስጥ ጉልበቴ እያሉ የሚያቃስቱት አማቴ ሜዳውን ዞረው ጨፈሩ።

ቦዩ ቶሎ አልመጣም። ባሌ ወደ ምክር ቤቱ ሲመላለስ ዝናቡ አልቆ በጋው ገባ። በቢሮዎቹ ደጅ ሲቸገር ያየው ተቀናቃኙ አንድ ቀን በራሱ ፈቃድ አብሮት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አይለያዩም ነበር፤ አንደኛው በር ያስከፍታል፣ ሌላኛው የተፈለገው ነገር እስኪሰጠው ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በመጨረሻ ከተማው መቆፈሪያ መኪና ላከ፤ የቀረውን በአካፋ እኛው ጨረስነው።

ሥራው ያለቀ ቀን የታችኛው ሰፈር ሴቶች ዓሣና ኪስራ፣ ያን ስስ የማሽላ ቂጣቸውን፣ በትሪ በትሪ አቀረቡ። ተቀናቃኙ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ቦዩ አፋፍ ላይ ከባሌ ጋር ተቀምጦ ይበላል። የሚቀጥለው ቦይ በየት ይለፍ በሚለው ተከራከሩ። ባሌ በላይኛው በኩል ይለፍ ይላል፤ እሱ በገበያው በኩል። ባሌ እጁን እያወናጨፈ፣ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ፣ ሳያቋርጥ ሲናገር ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«በገበያው በኩል» አልኩት። የቤተ ክርስቲያኗ እናትም ከትሪው ሳይነሱ ከእኔ ጋር ተስማሙ።