ለጥናት አይሆንም የተባለው ጥያቄ

ልጄ በሕይወት ስላለች እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ሳላስቀድም ሌላ ነገር ብጽፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

በሕፃንነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። ቀላል ብለን ያለፍነው ሕመም ልቧ ላይ ደረሰ። አምቦ ያዩዋት ሐኪም በየወሩ መርፌ እንድትወጋ አዘዙ። ከቀረባት ልቧ እንደሚብስበት ነገሩኝ። መድኃኒቱ እኛ ዘንድ ካለው ጤና ጣቢያም አይጠፋም፤ የሚወጋት ግን የለም። «አምቦ ይሻላታል» ይላሉ፣ ምክንያቱን አይናገሩም። ቤታችን ጊንጪ አጠገብ ስለሆነ በየወሩ በሚኒባስ እንመላለሳለን። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት መርፌው ቀረ፤ ያኔ ከደጅ እስከ ጓዳ እንኳ ሳታርፍ መሄድ አቃታት።

አንድ ቀን ሐኪሟ «በምዕራብ ሸዋ ጤና ላይ ምን ይጠና የሚለውን ታካሚዎችም ከባለሙያዎች ጋር ሆነው ሊመርጡ ነው፤ እርስዎም ይምጡ» አሉኝ። የጸሎቴ መልስ አድርጌ ቆጠርኩት። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ሄድኩ፦ በየአካባቢያችን ያሉ ባለሙያዎች ይህን መርፌ ለምን አይወጉም?

አዳራሹ ውስጥ ታካሚና ባለሙያ ቀላቅለው አስቀመጡን። ማይኩ ለታካሚዎች ሲሰጥ ግን ነገሩ እንደ ጸሎት ቤት ምስክርነት ሆነ። አንድ ገበሬ የልጄ ሐኪም ሚስቱን ስላተረፉለት፣ አንዲት ሴት በሰላም ስለ ወለደች አመሰገኑ። እየተነሱ «ገለቶማ» ብለው ተቀመጡ። የቸገረውን የተናገረ የለም። ሐኪም ፊት ቅሬታ ማንሳት እኛ ዘንድ ያጎረሰን እጅ እንደ መንከስ ነው።

እኔም አመስግኜ ጥያቄዬን አቀረብኩ።

«እናቴ፣ ይሄ የአገልግሎት ቅሬታ ነው፤ ለጥናት አይሆንም» አለኝ ሰብሳቢው፣ በትሕትና። ቢሆንም ወረቀት ላይ ጽፎ ከሌሎቹ ጋር ለጠፈው።

በሻይ ሰዓት አጠገቤ የተቀመጠችው የጤና ጣቢያ ነርስ ጠጋ አለችኝ።

«ሃርሜ፣ እናቴ፣ ፈርተን ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጓደኛዬ ይህንኑ መርፌ አንዱን ልጅ ስትወጋው እጇ ላይ ሞተ። እሷ ሥራውን ትታ ሱቅ ከፈተች። ከዚያ ወዲህ ማን ይንካው?»

«ልጄ፣ ይህንኑ በማይኩ ተናገሪልኝ። ለጥናት የሚሆነው ይሄ ነው።»

«አለቃዬ ፊት? ሃርሜ፣ እርስዎን አምቦ ነው የሚልኩዎት፤ እኔን የት እንደሚልኩኝ ያውቃሉ?» ብላ ሳቀች።

ከሻይ በኋላ ለእያንዳንዳችን አንድ ባቄላ ታደለን። በየጥያቄው ሥር ኩባያ አለ፤ ይጠና የምንለው ውስጥ ባቄላችንን እንጥላለን። ሁላችሁም እኩል ናችሁ ተብለናል። ማን ይጀምር ሲባል ግን ታካሚዎቹ ራሳቸው «ዶክተር ይቅደሙ» አሉ። ሐኪሙ ያመኑበትን፣ የስኳር በሽታን መረጡ። ከኋላቸው የተሰለፈው ሁሉ እዚያው ኩባያ ውስጥ ጨመረ።

ገበሬው ሲመለስ ምን እንደመረጠ ጠየቅኩት።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሚስቴን ካተረፉልኝ ሰው ልለይ?» አለኝ።

እኔም እኮ ውለታቸው አለብኝ። ልጄን ያቆዩልኝ እሳቸው ናቸው። ባቄላዬን ግን ለልጄ ጣልኩት። ነርሷ ኩባያዬ ፊት ስትደርስ ቆም አለች። አለቃዋ ከኋላዋ ነበር። አለፈች። ኩባያው ውስጥ የእኔው ብቻ ቀረ።

ማብቂያው ላይ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ስለሆንኩ «እናታችን በጸሎት ይዝጉልን» ተባልኩ። ለአገሩ ሰላም፣ ለሐኪሞቹ ዕድሜ ለመንኩ። ከዚያም «ጌታ ሆይ፣ መርፌውን ለሚፈሩ እጆች ድፍረት ስጥ። ልጆቻችን መንገድ ላይ አይቅሩብን» አልኩ።

አዳራሹ በሙሉ «አሜን» አለ። ሐኪሙም፣ ገበሬውም፣ የነርሷ አለቃም፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ነርሷ አንገቷን ደፍታ ነበር።

ብዙ የማማርር ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን አሜናቸው መረረኝ። ከዚያ ሁሉ አሜን ለልጄ አንድ ባቄላ አልወጣም።

ቤት ስደርስ ልጄ ደጅ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«እማ፣ እዚሁ ሊወጉኝ ነው?»

«ጸልየናል» አልኳት።

«እሱንማ ሁልጊዜ እንጸልያለን» አለች።

በወሩ ማለቂያ አምቦ ሄድን።