ሳይደርስ የተቀደደ ቀን

አዳማ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ እናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ የስልኬን የቀን መቁጠሪያ ሳላስበው ወደ ፊት ገፋሁት። ኦፕራሲዮን የምትሆንበት አርብ ብቅ ሲል ጣቴን ከስልኩ ላይ አነሳሁ።

ልጅ ሆኜ፣ ዓለም ጤና ከተማ ባለው የአያቴ ቤት፣ በየቀኑ አንድ ወረቀት የሚቀደድለት ካላንደር ግድግዳው ላይ ነበር። ከአያቴ በቀር ማንም አይነካውም። አንድ ጠዋት ፋሲካ ቶሎ እንዲመጣ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። አያቴ አልተቆጡም። ወረቀቶቹን ከመሬት ለቀሙና «ያልደረሰ ቀን አይቀደድም፣ ልጄ። ማን ማን በሕይወት እንደሚደርስበት በምን አወቅሽ?» አሉኝ። ከዚያ በሊጥ መልሰው ለጠፏቸው። ሦስቱ ቀናት እስኪያልፉ እናቴ ከቤት በወጣች ቁጥር በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።

ስልኩን ወደ ዛሬ መለስኩት።

እናቴ ዓይኗን ገልጣ «አርብ ስንት ቀን ቀረው?» አለችኝ።

ቀኑን ወደ ፊት የገፋሁበትን ጣቴን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት።