የትሕትና ትንፋሽ መለኪያ

ትሕትና መቀመጥ አልሆነላትም። ቁጭ ትላለች፣ ትነሳለች፣ መስኮቱን ከፍታ መልሳ ትዘጋለች። የኬሚስትሪ ተማሪ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጥፍር የምታህል መስታወት ላይ ከፕላስቲክ ወገን የሆነ ስስ ሽፋን ትቀባለች። አሞኒያ የሚባለው ጋዝ ሽፋኑን ሲነካው ኮምፒውተሯ ላይ ቁጥር ይወጣል። እንደ ሌሎቹ መለኪያዎች ካልጋልኩ አልሠራም አይልም፤ በአዲሱ ገበያው ቤታቸው ብርድም ይሠራል።

መምህሯ የሚያውቁት ከኩስ አሞኒያ ለሚወጣበት ዶሮ ቤት እንደሆነ ነው። እሷ ግን በየጠዋቱ እናቷን ታስተነፍስበታለች። የወይዘሮ ሙሉእመቤት ኩላሊት ደክሟል፤ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ትንፋሽ ውስጥ አሞኒያ ይበዛል። እጥበት ይጀምሩ እንደሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ በደም ምርመራ ይታያል ተብሏል። እግራቸው ካበጠ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ጳውሎስ ሆስፒታል እንዲመጡ ሐኪሙ አስጠንቅቋል።

መጀመሪያ ቁጥሩ ከፍ ብሎ እንቅልፍ ነሳት። ከዚያ ድንገት ወረደ፤ ወርዶም ቀረ። ይኼኔ ልጅቷ ከደስታዋ የተነሳ ማሰብ አቆመች። እናቷ ምግብ ሲያስጠላቸው ጾሙ ነው አለች፤ እግራቸው ሲያብጥ ደግሞ ቅዳሴ ላይ ብዙ ቆመው ነው ብላ አለፈችው። ቁጥሩ ጥሩ ነዋ!

አንድ ጠዋት ቀድማ ነቅታ ጓዳ ስትገባ እናቷ ብርጭቆ ውስጥ ሎሚ እየጨመቁ ነው። ሊጉመጠመጡበት መሆኑ ገባት። እንደ ሎሚ ያለ አሲድ አሞኒያን ይዞ እንደሚያስቀር የተማረችው ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ነበር።

«እማዬ፣ ሁልጊዜ ነው እንዴ?»

«ታዲያስ? አፌ ሽንት ሽንት ይሸታል ልጄ። እንዲህ ሆኜ ፊትሽ ልተንፍስ?»

ሲያወሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት ለብርድ መስሏት ነበር። ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ፊቷን አስጠጋችና ተንፍሺ አለቻቸው። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ለመሸሽ ሞክረው ሲያቅታቸው ተነፈሱ። ትሕትና በራሷ አፈረች። አፍንጫ እያላት መስታወት ስትጠይቅ ከርማለች። ጎንበስ ብላ እግራቸውን ጫን ብታደርገው የጣቷ ጉድጓድ አልሞላ አለ።

«ተነሺ፣ አሁኑኑ ጳውሎስ እንሄዳለን» አለች፣ የእናቷን ጫማ ፍለጋ እዚያው ጓዳ ካለው አልጋ ሥር እየገባች።

«ሐኪም ፊት? እንዲህ እየሸተትኩ?» አሉ እናቷ፣ እጃቸውን ወደ ብርጭቆው እየሰደዱ።

ልትከለክላቸው ከአልጋው ሥር ወጣች። ግን እዚያ የሚመረመረው ደም ነው፤ ደምን ሎሚ አያታልለውም። ብርጭቆውን አንስታ አቀበለቻቸው።